ሳይጎድል የሚሞላ ብርጭቆ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፎርሟን አጣጥፋ በሄደችበት ምሽት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ልጄን ናሁሰናይን «በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጣለህ?» ብትለው «አንድ» አላት፤ እሷም «ጎበዝ፣ ችግር የለብህም» ብላ ምልክት አደረገች። ልጄ አልዋሸም፤ ብርጭቆው አንድ ነው። ነገር ግን አረቄ ቤት ቢሄድ በስለት ይወጉብኛል ብዬ ስለምፈራ ጠላውን በቤቴ እጠምቅለታለሁ፤ ገና ሩቡ ሳይጎድልም «በሞቴ» እያልኩ የምሞላው እኔው ነኝ። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑም ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምሯል። እሱ ሲጠየቅ ጆጉን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ። ሬሳው ከደጄ ሲወጣ እየታየኝ ሸለብ አደረገኝ።

ወዲያው ዓምና የቀበርናቸው ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ ከራስጌዬ ቆመው፣ «ተነሺ አንቺ ቡቡ፣ የምትፈሪውን ላሳይሽ» አሉኝ። እጄን ይዘውም ፀሐይ ወደማይወጣበት ሰፊ ሜዳ አደረሱኝ። እስከ አድማስ ድረስ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ የተቀመጡት ሰዎች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እጅ እግራቸው ሰልሎ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይዘዋል። ጸሐፊዎች በመካከላቸው እያለፉ ከሩቅ አገር የመጣ ወረቀት አንብበው «ስንት ጠጣችሁ?» ይላሉ፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «አንድ!» ይላል። በየግንባራቸው «ጤነኛ» የሚል ማኅተም ይመታል፤ የተመታበትም ሁሉ ከወንበሩ ይወድቃል።

«ይዋሻሉ እንዴ?» አልኩ።

«ማን ዋሸ? የተጠየቁትን መለሱ። ጥያቄው የተሠራው ብርጭቆ ተጠጥቶ ካላለቀ ለማይቀዳበት አገር ነው። ቋንቋውን ለወጡላችሁ እንጂ ቤታችሁን መች አዩት?»

«ከኋላ ተከናንበው የቆሙት ሴቶችስ?»

«ቀጂዎቹ ናቸዋ! ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሦስተኛዋን አላወቅሻትም?» ብለው ሳቁብኝ። ነጠላው የእኔ ነበር።

ከዚያ ድልድይ አሻግረው ብርሃን ወዳለበት አገር አደረሱኝ። በዚያ ጠያቂዎች ጥያቄ ከመጻፋቸው በፊት በየቤቱ ተቀምጠው አይተዋል። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ቀጂዋን «ስንቴ ሞላሽለት?» ይላሉ፤ ከአንድ ቅል እየተቀባበሉ በሚጠጡበት መንደር ደግሞ በመንደሩ ቋንቋ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ተቀመጥክ?» ይላሉ። «ሰካራም» ተብሎ የሚሰደብ የለም፤ የታመመው ቶሎ ታውቆ ይታከማል።

አንዲት ጠያቂ ወደ እኔ ዞራ፣ «እናቴ፣ ትናንት ስንቴ ሞሉለት?» አለችኝ። «ልጄ የትኛው አገር ነው ያለው?» ብዬ እትዬ ደብሪቱን ለቀም አደረግኋቸው።

«የእኔ ባል ከዚያኛው፣ ፀሐይ ከማይወጣበት አልተመለሰም» አሉኝ። «እኔም እንዳንቺ ዝም ብዬ ነበር።»

ስባንን ነግቶ ነበር። ልጄን ቀሰቀስኩት።

«ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ምን ሆነሻል እማ? ጤነኛ ነህ ተብዬ የለም እንዴ?»

«ያልተጠየቅኩትን ልናገር ነው። እዚያ ስጨርስ ደግሞ ያየሁትን ለሠፈሩ እናቶች፣ በየቤታቸው እየቀዱ ለሚያጠጡት ሁሉ፣ አንድ በአንድ እነግራለሁ።»

ብርድ ልብሱን ገፍፎ ተነሣና አፈጠጠብኝ። «በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ከምቀብርህ ባዋርድህ ይሻለኛል።»