የኮራሎቹ ሐዘን

«ጌታቸውን አጥተው እኮ ነው!» አለች የሟቹ አባት እህት፣ አፍንጫዋ የአኳሪየሙን መስታወት ሊነካ ምንም ሳይቀረው። «እስኪ ተመልከቱ፤ ሐምራዊው አመድ መስሏል። ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ሐዘን ያውቃል።»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ከየወንበራቸው አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላው ሻዩን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። ኮራል ላላወቀው ሰው ድንጋይ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው፤ እንስሳ ነው ቢሉት ይስቃል። ልጁ በሕይወት ሳለ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ደግሞ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ነበር። አሁን ሁሉም ገርጥተው፣ ገላቸውን ሰብስበው ቁጭ ብለዋል።

የሟቹ አባት፣ ቧንቧ ሠሪው፣ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ሆኖ እህቱን ሰማት። ወንድ ልጁን ጠዋት በደህና ሸኝቶ፣ መኪና ገጨው የሚለውን ከሰዓት ሆስፒታል በር ላይ ከሰማ ወዲህ፣ ሰው የሚለው ሁሉ በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነበር የከረመው። «አይዞህ» ይሉታል። ምኑን ነው አይዞህ? «ጠንከር በል» ይሉታል። ድሮስ መቼ ላላሁ? ይሄኛው ንግግር ግን ዘልቆ ገባ። ኮራሎቹ አዝነዋል። በዚህ ሁሉ ሰው መሀል እንደ እሱ ቀለሙ የጠፋ ፍጡር አገኘ፤ ደስ አለው ማለት ይከብዳል፣ ግን ትንሽ ተነፈሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ በሕይወት ሳለ አባትየው ለኮራሎቹ ደንታም አልነበረው። ልጁ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የአንዱን ሰው ጥርስ ንጣት ከሌላው ሲለይ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አኳሪየሙ ፊት ይገተራል። ብርቱካናማው ትንሽ ደብዘዝ ካለ መብራቱን ይነካካል፣ ውሃውን ይለካል፣ ይጨነቃል። ውሃውንም በማጣሪያ አሳልፎ ነበር የሚሰጣቸው።

«ለዓሣ ይጣራል፤ እኛ የቧንቧ እንጠጣለን» ይል ነበር አባትየው፣ ሰው ባለበት ሁሉ። ልጁ ይስቃል። አንዳንዴ ደግሞ አይስቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አብረው ሠርተዋል። ከአኳሪየሙ ሥር ያለው መጋጠሚያ ማንጠባጠብ ጀመረና ልጁ እያፈረ እንዲጠግንለት ጠየቀው። አባት መሣሪያውን ይዞ በጀርባው ተኛ። ልጁ ባትሪ እያበራለት ስለ ኮራል አወራው፤ ከቀለሙ ብዙው የራሱ እንዳልሆነ፣ ገላው ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ነገሮች እንደሚሰጡት፣ ሲጨነቅ ግን እነሱን አባሮ እንደሚነጣ።

«ታዲያ አከራይ ነው በለኝ!» አለ አባት ከሥር ሆኖ።

ልጁ ባትሪው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «የማይወዱት ድንገተኛ ነገር ነው፣ አባዬ። ሁሉም እንደ ትናንቱ ከሆነላቸው ቀለማቸው ይኖራል።»

ይኸው ድንገተኛው መጣ።

ከቀብሩ በኋላ አባትየው የአኳሪየሙ ውሃ በየቀኑ ዝቅ ሲል አየ። እንደ ባለሙያ መጀመሪያ የጠረጠረው ማፍሰስ ነው፤ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በሶፍት ጠረገ፣ ደረቅ ናቸው። እንግዲህ እየተነነ ነው። ልጁ አልፎ አልፎ ባልዲ ውስጥ የባሕር ጨው ሲበጠብጥ አይቶታል። ስለዚህ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ ጨው በእፍኙ እየበጠበጠ የጎደለውን ሞላ። በማግስቱም ሞላ። ኮራሎቹ በገረጡ ቁጥር እሱ ተጋ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ከባልዲው ተነስቶ ይቀበላል፣ ሲሄድ ወደ ባልዲው ይመለሳል። እነዚህ እንኳ እንዳይሞቱብኝ ይላል በልቡ፤ ሌላ ጸሎት አልነበረውም።

የልጁ የሥራ ባልደረባ የመጣችው ቤቱ ጭር ባለ ሰዓት ነው። እሷም ጥርስ ሠሪ ናት፤ እሷም ቤቷ ኮራል አላት፤ ከልጁ ጋር ያወዳጃቸውም ይኸው ዕብደት ነበር። አባትየውን አቅፋ አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትል አኳሪየሙን አየችና ክው አለች። ጎንበስ ብላ መስታወቱ ጠርዝ ላይ የደረቀውን ነጭ ቅርፊት በጥፍሯ ነካች። ከዚያ ባልዲውን አየች። ወዲያው ኩሽና ገባች። የአባትየው ሴት ልጅ ኩባያ እያጠበች ነበር።

«ጨው ነው እንዴ የሚጨምሩት?» አለች ጥርስ ሠሪዋ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ በየቀኑ።»

«ወይኔ! ጨው እኮ አይተንም። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ የጎደለው በንጹሕ ውሃ ነው የሚሞላው። እሳቸው በጨው ላይ ጨው እየጨመሩባቸው ነው። በዚህ ከቀጠሉ ሁሉም ያልቃሉ።»

ሴት ልጁ ቧንቧውን ዘጋች። «አትንገሪው፣ በናትሽ። አዝነው ነው ብሎ ነው እስካሁን በእግሩ የቆመው። አንተ ነህ ካልሽው አባቴንም አጣዋለሁ።»

«ካልነገርኳቸውስ? ኮራሎቹ ሲያልቁ እሳቸው ምን ሊሆኑ ነው?»

ሴት ልጁ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሳሎን ቀደመች።

ሳሎን ሲመለሱ አባትየው ጆጉን ከባልዲው ሞልቶ ቆሟል። ክንዱ ወደ አኳሪየሙ ዘመም ሲል ጥርስ ሠሪዋ እጁን ያዘችው።

«አባባ፣ አያፍሱት።»

«ምነው ልጄ?»

«ጨው በዝቶባቸዋል።»

ነገረችው። እንዳይከፋው ብላ ዙሪያ ጥምጥም ጀምራ ነበር፤ ግን አላስቻላትም። መሳቢያውን ከፍታ የልጁን የጨው መለኪያ አወጣች፣ ከአኳሪየሙ አንድ ጠብታ አድርጋበት ወደ መብራቱ አቅንታ ሰጠችው። መስመሩ መሆን ካለበት በጣም አልፏል። አባትየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አየ። ዕድሜ ልኩን የሰው የውሃ ማሞቂያ እየፈታ፣ ውሃ ትቶት የሚሄደውን ነጭ ቅርፊት ሲፈቀፍቅ የኖረ ሰው ነው።

«ይሄን ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ» አለ። «ሐዘን አይደለም። እኔ ነኝ እየገደልኳቸው ያለሁት።»

«ተው ወንድሜ፣ እንዲህ አትበል» አለች ድምፁን ሰምታ ከመኝታ ቤት የወጣችው እህቱ።

«ተዪኝ! ሐዘን ያውቃሉ አልሽኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አመንኩሽ!»

እህትየው አንገቷን ደፋች።

«አልሞቱም እኮ» አለች ጥርስ ሠሪዋ። «ሐምራዊውን ከሥሩ ይዩት፤ ጥፍር የምታህል ቀለም ገና አለችው። ንጹሑ ውሃ የታለ? በሰማያዊ ጄሪካን ያጠራቅም ነበር።»

እህትየው አፏን ያዘች። «ኩሽና በር ላይ ያለው? በሱ እኮ ነው ለለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሻይ ያፈላሁት! እኔ ደግሞ ሻዩ ምነው ጣዕም አጣ እላለሁ!»

ሴት ልጁን ሳቅ አመለጣትና ደንግጣ አባቷን አየች።

«እሱ ቢኖር ይቺን ዓመት ሙሉ ያወራት ነበር» አለ አባትየው።

ጄሪካኑ ውስጥ ጥቂት ቀርቶ ነበር። አባትየው አንስቶ ሁሉንም ሊገለብጠው ሲል ጥርስ ሠሪዋ ዳግመኛ ከለከለችው። «በአንዴ አይሆንም። ዛሬ አንድ ጆግ ቀድተን አንድ ጆግ እንተካለን፤ ነገም እንደዚሁ። ለማዳን ከቸኮልን ያው መግደል ነው።»

«ቀለማቸው ይመለሳል?»

«የአንዳንዶቹ። ወራት ይፈጃል። ብርቱካናማው የሚተርፍ አይመስለኝም፤ አልዋሽዎትም።»

«አትዋሺኝ» አለ።

ጨዋማውን ቀድታ ደፋች። እሱ ዱካ ላይ ወጣ፣ በአኳሪየሙ ላይ አጎነበሰና ንጹሑን ውሃ በመስታወቱ ዳር ዳር፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ማንቆርቆር ጀመረ። ጥርስ ሠሪዋ እጁን ስታይ ቆየች።

«እሱም ልክ እንዲህ ነበር የሚያፈሰው» አለች። «ላቦራቶሪ ውስጥ እጁ የማይንቀጠቀጠው እሱ ብቻ ነው። ከማን ተማርከው ስንለው፣ ‹ከአባቴ ነዋ፤ አባቴ እኮ ውሃ ያዛል› ይለን ነበር። ጉራው እስኪሰለቸን ድረስ።»

ጆጉ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የት ገብቶ እንደነበር እንጃ፣ እንባው አሁን መጣ፤ በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። ሴት ልጁ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ጆጉን አልለቀቀም። ፊቱን ከውሃው ላይ አሸሽቶ ወደ ጎን አዞረ፣ አገጩን በትከሻው ጠረገ፣ አንዲትም ጠብታ እንዳትወድቅባቸው አንገቱን እንዳጣመመ ማፍሰሱን ቀጠለ።