የይታገሱ መርዶ

«ቡሬ ሄደች በይው» አሉ አቶ ባንተአምላክ፣ የዘገኑትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ እየመለሱ። «ስለ አባቱም ያኔ እንደዚያው ነው ያልነው። ምን ሆነ? ይኸው ሰው ሆኖ አደገ።»

ይህን ያሉት ለእህታቸው ልጅ ለያምሮት ነው። እናቷ ታንጉት ከተቀበረች ዛሬ ሠልስቷ ነው። ድንኳኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ ከፍኖተ ሰላም ድረስ በባጃጅ የመጣ አለ። የሟች የበኩር ልጅ ይታገሱ ብቻ የለም። ይታገሱ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ታንጉት ሕመሟ ጠንቶ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የገባች ለት አጎቱ ባንተአምላክ «ሬሳ ሲወጣ አይቶ እንዳያብድብን» ብለው፣ የተዋሱትን በቅሎ እንዲመልስ ፈረስ ቤት ከተማ ላኩት። ለበቅሎዋ ባለቤትም እስከ ሠልስት እንዲያቆየው ደወሉለት። እንግዲህ ዛሬ ይመለሳል።

«ድንኳኑን ሲያይስ፣ አያ?»

«እሱ አይቸግርም። እሜቴ ዓባይነሽ ሞተው ነው እንለዋለን።»

ጎረቤታቸው እሜቴ ዓባይነሽ ጥግ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘዋል። ቀና አሉ። «እሺ፣ እኔን ገደላችሁኝ። ነገ ውሃ ስቀዳ ሲያየኝ ምን ልትሉት ነው?»

ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቅ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሳቅ ጠፍቶ አያውቅም። አቶ ባንተአምላክ አልሳቁም። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ለእህታቸው ልጆች አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። «የምታውቂበት አንቺ ነሽ» አሏት ያምሮትን። «ሦስት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ይህንኑ አይደል?»

ይህንኑ ነበር። ልዩ ፍላጎት ትምህርት። ስትመርጠው ጓደኞቿ «ሌላ ጠፍቶ ነው?» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ሌላ አልፈለገችም።

ነገሩ የጀመረው ይታገሱ አሥር ዓመቱ ሳለ ነው። ጆሮው ይከፈት እንደሆነ ብለው ጠበል ወሰዱት። ሁለት ሱባዔ ሲጠመቅ ከረመ። በመሃል አባቱ ወንዳወቅ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ፤ ተቀበረም። ልጁ ተመለሰ። ጆሮው አልተከፈተም፣ አባቱም ቤት የለም።

ታንጉትና ልጇ ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበት የእጅ ንግግር ነበራቸው። አባት ሲሉ አገጭ ይዳብሳሉ፤ እናት ሲሉ ንቅሳቷ ባለበት አንገት ላይ ጣት ያስኬዳሉ። ልጁ አገጩን ዳብሶ «የት ነው?» ሲላት ጨነቃት። በአስፋልቱ ወደ ቡሬ ጠቆመችው። ለዛሬ ብቻ ነበር፤ ነገ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። በማግስቱ ፊቱን ስታየው አቃታት። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከረመ። ይታገሱም ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ከቡሬ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ሲያይ ኖረ። ሞትን ስለማያውቅ አይደለም። የስንቱን ሰው ቃሬዛ ተሸክሟል፣ የስንቱን መቃብር ቆፍሯል። እናቱ አባትህ ቡሬ ነው አለችው፣ እሱም አመናት፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ያምሮት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምልክት ቋንቋ ስትማር፣ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ወንድሟን ታስተምረው ነበር። አርባ ያህል ቃል ያዘላት፤ ዝናብ፣ ገበያ፣ እንጀራ። ሞት የሚለውን ዘለለችው። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያቸው ነበርና፣ ይታገሱ ዘወር ሲል ጠጋ አለቻት።

«እሱን እንዳታሳይው ልጄ። የአባቱን ሞት ቢያውቅ እኔንም አንቺንም ዳግም አያምነን።»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ እማ?»

«እያወቅሽ ዝም አልሽዋ።»

ይህን እያሰበች ሳለ አንድ ለቀስተኛ ወደ ድንኳኑ ጎንበስ ብሎ ገባ። «ይታገሱ ወንዙን ተሻግሯል» አለ።

ያምሮት ተነሣች።

«ቡሬ ነው የምትይው» አሉ አጎቷ።

«አያ፣ ሁለት ሰው ቡሬ ልከን ማን ይመልስልናል?» አለችና ወጣች።

ድንኳኑ ከማይታይበት ኩርባ ላይ አገኘችው። ፊቱ በላብ እንደራሰ ሳቀላት። ከብብቱ አዲስ ሻሽ አወጣ፤ አንገቱ ላይ ጣቱን አስኬደ። ለእናቱ የገዛው ነው። ያምሮት እጁን ይዛ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደችው። ይታገሱ ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ ተከተላት።

አዲሱ አፈር ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ አለች። አንገቷ ላይ ጣቷን አስኬደች፤ መዳፏን አፈሩ ላይ አኖረች። ይታገሱ አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ፍኖተ ሰላም ጠቆመ፤ እናቴ ሆስፒታል ናት ማለቱ ነው። ያምሮት ደገመችለት። ከዚያ የዘለለችውን ቃል በእጇ ሠራችና መልሳ አፈሩን ነካች።

ገባው። ከደረቱ የወጣው ድምፅ ቃል የለውም፤ ግን ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ እሷም አብራው አለቀሰች። ብዙ ቆይቶ ተነሣና ፊቱን በጋቢው ጠረገ። አገጩን ዳበሰ። በአስፋልቱ ወደ ቡሬ ጠቆመና በእጁ ና ብሎ ጠራ።

አባቴ ይጠራ፤ መርዶው ይነገረው።

እዚህ ላይ እሺ ብትለው ማንም አይወቅሳትም ነበር። አንድ መርዶ ለአንድ ቀን ይበቃል። ያምሮት ግን ክንዱን ይዛ፣ ጽዱ ሥር ሣር ወደ ዋጠው የድንጋይ ክምር ወሰደችው። አገጯን ዳበሰች። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አኖረች።

አላለቀሰም። መዳፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ የልጅ ቁመት አሳያት፤ ያኔ ነው? አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀችለት። መዳፉን እስከ ደረቱ፣ እስከ ትከሻው፣ እስከ ራሱ አናት ድረስ ቀስ እያለ አወጣው፤ ይህን ሁሉ ዘመን? ነቀነቀችለት። ከዚያ ጣቱን ወደ እሷ አዞረ፤ አንቺም ታውቂ ነበር?

ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር ልትለው ትችል ነበር። ለዚያ የሚሆን ቃልም ተምራለች። እጆቿ ግን አልተነሡላትም። አዎ ብላ ነቀነቀች።

ይታገሱ ተንበርክኮ ከድንጋዮቹ መሃል ሣሩን ይነቅል ጀመር። እሷም አጠገቡ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። አንጓዋን ይዞ አስቆማት፤ ሳያመናጭቃት እጇን ወደ ጉልበቷ መለሰው። ከዚያ ብቻውን መንቀሉን ቀጠለ።