ከወንበሩ ወዲያ

ይሄማ የሩጫ ላብ አይደለም፣ የሩጫ ላብ ይሞቃል፣ ይሄ ከአንገቷ ወርዶ ወገቧ ጋ ሲደርስ ያንዘፈዝፋታል፣ ተዪው፣ አትስሚው፣ ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ማንን ገደለ፣ አስፋልቱ በማለዳው እንፋሎት የሚያወጣ ይመስላታል፣ እንፋሎቱ ግን ከአስፋልቱ ሳይሆን ከዓይኗ ነው። ትሮጣለች። ብቻዋን። ከኋላዋ የሚከተላት የለም፣ ለካ መንገድ ባዶ ሲሆን ይሰፋል።

እህቷ እኮ ነግራታለች፣ ነርሷ እህቷ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ጋውኗን ሳታወልቅ መዳፏን ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ተንፍሺ አለቻት፣ ተነፈሰች፣ እስቲ ድገሚ፣ ደገመች፣ አንቺ ልጅ ደረትሽ ውስጥ ድመት አለች፣ ከአንገት በላይ ያለ ጉንፋን ያስሮጣል፣ ከአንገት በታች የወረደው ግን ልብ ነው የሚነካው፣ ዛሬ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ። እሺ እትዬ። እትዬን እንቅልፍ ጣል ሲያደርጋት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች፣ እንደ ሌባ። ምን ታድርግ፣ ዛሬ ነው።

አሰልጣኙ ያላት ዛሬ ነው፣ ብቻሽን ውጪ፣ የተዘጋውን ነዳጅ ማደያ አልፈሽ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሩጪ፣ ከዚያ ለውድድሩ በራስሽ ስም ትመዘገቢ እንደሆነ እናወራለን፣ ምዝገባው ነገ ይዘጋል፣ አለና ሳቅ አለ፣ አልፈሽ የምታውቂ ከሆነ። ሳቁ ነው የከነከናት። እውነቱን ነው ደግሞ። እሷ አሯሯጭ ነች። ሥራዋ ከሻምፒዮኗ ፊት ፊት መሮጥ፣ ንፋሱን በደረቷ መቀበል፣ ፍጥነቱን መጠበቅ፣ ከዚያ ሩጫው ሩጫ ሊሆን ሲል ወደ ዳር መውጣት፣ በልምምድም እንደዚያው፣ ማደያው ጋ ስትደርስ ትወጣለች፣ የቡድኑ ፒክአፕ ያነሳታል። በቴሌቪዥን፣ ክቡራን ተመልካቾቻችን አሯሯጯ የተሰጣትን ኃላፊነት በብቃት ተወጥታ ከውድድሩ ወጥታለች፣ ስም እንኳ የላትም፣ እናቷ ያኔ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፣ ለጎረቤት ደግሞ፣ የኔዋ እኮ መንገድ አሳይታ ነው የምትመለሰው ትላለች፣ ስትቀልድ ነው፣ ኧረ አይደለም፣ ከፍቷት ነው።

ጉልበቷ። አሁን ደግሞ ጉልበቷ። ደረቷ ኽር ኽር ይላል፣ ዝም በይ አንቺ ድመት፣ ቆይ ግን፣ ይሄ ሕመም ነው ወይስ ልማድ፣ ሁልጊዜም እኮ እዚህ ጋ ይደክማታል፣ የጡብ ፋብሪካው አጥር ሲያልቅ እግሯ በቃ ይላታል፣ ማደያው እንደቀረበ እግሯ ከሷ በፊት ያውቃል። አመል ያወጣል ከመሐል፣ እሷንማ በየሳምንቱ ነው ያወጣት። አሞኝ ነበር ብትል አሰልጣኙ፣ ምንም አይደል ይላታል፣ እሱ ምንም አይደል ካለ አለቀላት። እሱስ ይቅር፣ ራሷ ራሷን ታምናለች?

ማደያው ይታያል። ዝገት የበላው ጣሪያ፣ ከፊቱ ደግሞ ወንበሩ፣ ሰማያዊው የፕላስቲክ ወንበር፣ ሽማግሌው ዘበኛ ከሩቅ ሲያዩዋት እንደወትሮው አውጥተው አስቀምጠውላታል፣ መኪናው እስኪመጣ የምትቀመጥበት፣ አቤት ወንበር ሲያምር፣ ትንሽ ብቻ፣ ላንድ አፍታ፣ ማን ያያል፣ እጇ ላይ ያሰረችው የሩጫ ሰዓቷ ያያል፣ ይሄ ወሬኛ፣ የቆመችበትን ሁሉ ማታ ለአሰልጣኙ ይዘከዝካል። እግሯ ሳታዘው ወደ ዳር ይስባታል፣ ነጩን መስመር ይረግጣል። ዘበኛው ብድግ ይላሉ።

ልጄ፣ ወንበሩ እዚህ ነው።

አውቃለሁ አባባ፣ እጇን አንስታላቸው ታልፋለች።

አለፈች። ወዲያ ማዶውን በእግሯ ረግጣው አታውቅም፣ ተራ መንገድ ነው፣ የተቆለለ አሸዋ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጀርባ፣ ይሄን ነው እንዴ ስፈራ የኖርኩት፣ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ ይመጣባታል፣ እግሯ ደግሞ ወይ ጉድ፣ እግሯ ምንም አላለም፣ ልማዱ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀርቷል። ደረቷ ግን። ድመቷ አብራት አልፋለች፣ አሁንማ ኽር ኽር አይደለም፣ መቧጨር ነው፣ ከግራ ጡቷ ስር፣ አየሩ ግማሽ መንገድ ገብቶ ይመለሳል፣ የመንገዱ ዳርና ዳር ይጠቁራል። ሕመም ነው። ልማድ ቢሆን እዚያው ያስቀምጣት ነበር፣ ይሄ ሕመም ነው።

እና ምን ይጠበስ፣ መጨረሻው ገና ነው፣ ምዝገባው ነገ ይዘጋል፣ የእትዬ መዳፍ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ምዝገባ ሌላ ጊዜም ይመጣል፣ ውሸት፣ ላይመጣም ይችላል፣ ሻምፒዮኗ ሌላ አሯሯጭ አታጣም፣ አሰልጣኙም ሳቅ አያጣም፣ ይምጣም ይቅርም፣ ልብ መለዋወጫ የለውም። ትቆማለች። ማንም ቁሚ ሳይላት፣ ፒክአፕ በማይመጣበት ቦታ። ጉልበቷን ይዛ ትስላለች፣ ከወገቧ ስልኳን አውጥታ፣ እትዬ ነይ ውሰጂኝ፣ ስድቡን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፣ አዎ ዋሽቼሻለሁ፣ አዎ እብድ ነኝ፣ ከማደያው አልፌ ነው ያለሁት፣ አልፌ እኮ ነው እትዬ፣ እትዬ የቱ ማደያ ትላለች፣ ምኑም አልገባትም።

ከኋላ ኮቴ ይሰማል። ዘበኛው ናቸው፣ ወንበሩን ራሳቸው ላይ ደፍተው እያነከሱ ይመጣሉ፣ ከማደያው ርቀው ሲሄዱ አይታቸው አታውቅም፣ ደርሰው ቁና ቁና እየተነፈሱ ወንበሩን ያወርዳሉ፣ ቁጣ ትጠብቃለች፣ እሳቸው ግን ግራ ቀኙን ያማትራሉ።

የት ላስቀምጠው፣ ልጄ?

እዚሁ አባባ። የቆምኩበት።