ባሌ ያሰፋው መስመር

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ "ይቺን እጅጌ ልጨርስ" የሚል። ማክሰኞ ከሰዓት ግራ እጁን የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ሲከት ሸረሪት ነከሰችው። እሱ ግን መርፌ የወጋው ያህል እፍ ብሎበት ስፌቱን ቀጠለ። እጁ እንደ ዳቦ ኩፍ ሲል ነው ጎትቼ ክሊኒክ የወሰድኩት።

ሲስተሯ የተነከሰውን በሳሙናና በውሃ አጠበች፣ ቀለበቱን አሟልጫ አወለቀች፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረገችበት። ከዚያ የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመረችው።

"እጅዎን ከፍ አድርገው ይቀመጡ" አለችው። ወደ እኔ ዞራ፣ "እርስዎ ደግሞ መስመሩን ይጠብቁ። ቅላቱ ካለፈው ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋቸው ይምጡ። እጃቸውን ሊያጡ ይችላሉ።"

ጠበቅኩ እንጂ! እጁን እንደ ሙሽራ ትራስ ላይ አስቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ በየሰዓቱ አየሁ።

"ምን ታፈጥጫለሽ? እጄ እንደሆነ አይሸሽ" አለኝ።

"አንተን ማን አየህ? እኔ ያሳዘነችኝ ሸረሪቷ ናት። ምስኪን፣ እስካሁን ሆዷን ሳያማት አይቀርም።"

ሲመሻሽ ግን ቅላቱ መስመሩን ሊነካ ተቃረበ። ዝም አልኩ።

ጠዋት ሳየው ከመስመሩ ብዙ ይርቃል። ተመስገን ብዬ ሻይ ልጥድ ስነሳ አንድ ነገር ከነከነኝ። የሲስተሯ መስመር የጥድፊያ፣ የተንሻፈፈ ነበር። ይሄኛው በሜትር የተለካ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ በምራቅ የተፈተገው አሮጌው መስመር ይታያል፤ ቅላቱ አልፎታል።

"አንተ ሰውዬ! መስመሩን አሰፋኸው?"

"ጠበበ" አለኝ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። "ደንበኛ ሲወፍር ምን እናደርጋለን?"

እየተራገምኩ ክሊኒክ አደረስኩት። ሲስተሯ ሁለቱን መስመሮች አይታ መሳቅም መቆጣትም አቃታት። ሐኪም ጠርታ መድኃኒት በደም ሥሩ አስጀመረችው። "እስከ ነገ ቢዘገዩ ኖሮ እጅዎን አናተርፈውም ነበር" ብላው ወጣች።

ያን ጊዜ ወረድኩበት። "ሥራህ እንዳይቀር ብለህ ነው፣ አይደል? እጅህን በአንድ ሱሪ ልትለውጥ!"

"የምን ሱሪ?" አለ ቀስ ብሎ። "አርባ ዓመት ስትሰድቢኝ ኖረሽ ትናንት ዝም አልሽ። ፈራሁ። መስመሩ ራቅ ካለ ትቀልጃለሽ ብዬ ነው።"

እኔን የምታህል ሴትዮ ደህናውን እጁን ይዤ አለቀስኩ።

"ይኸው!" አለ። "እኔኮ ይሄን ፈርቼ ነው።"