ዘጠነኛው ማስጠንቀቂያ

የሻረግ ያን ፕሮግራም ስትጽፍ ሰነፍ አልነበረችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ጥፋት ሁሉ ከስንፍና የሚወለድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና። የ2006 ዓ.ም. ክረምት እንጅባራን በጉምና በዝናብ አፍኖ ሲከርም፣ እርሷ ከመሥሪያ ቤቷ ወንበር ላይ ጋቢ ደርባ የዞኑ ጤና ጣቢያዎች የሚገለገሉበትን ፕሮግራም ትሠራ ነበር። የሕመምተኛው ስምና የትውልድ ቀን ሲገባለት፣ ፕሮግራሙ ዕድሜውን አስልቶ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ያትማል። ነርሶች በየራሳቸው እያሰሉ ከሚሳሳቱ ስሌቱ በአንድ ቦታ ይሁን የተባለበት ምክንያትም መልካም ነበር።

ኮምፓይለር የሚባለው መሣሪያ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይመልሳል። ሲመልስም፣ ጸሐፊው ከትእዛዙ ቀጥሎ ሰረዝ እያስቀደመ ለሚጽፋቸው አጫጭር ምርጫዎች ይታዘዛል። አንዱ ምርጫ የጠረጠርኸውን ሁሉ ንገረኝ ይለዋል፤ ሌላው ፕሮግራሙን አፍጥነው ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ዝም በል ይለዋል። የሻረግ ከተማሪነቷ ጀምሮ የመጀመሪያውን ምርጫ ሳትጽፍ ቀርታ አታውቅም። ጓደኞቿ «ነዝናዛ ባል ያገባች» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

በወራቱ ስሌት ላይ ግን አንድ ነገር ለነገ አሳደረች። ለአሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሰጠች። ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ ስድስት፣ በሌላው ዘመን አምስት ስለሚሆን፣ ያንን ኋላ ረጋ ብዬ አስተካክለዋለሁ ብላ ያለ ቁጥር ተወችው። በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን አስገብታ ስትሞክር ዕድሜው በአምስት ቀን አንሶ ወጣ፤ የመድኃኒቱ መጠን ግን ያው የጨቅላ ሕፃን መጠን ሆኖ ስላገኘችው አለፈችው። ኮምፒዩተሩ ቁጥር ባልተሰጠው ቦታ ላይ ዜሮ ያገኘው በአጋጣሚ እንደ ነበር ታውቃለች። ማወቅና መፍራት ግን ሁልጊዜ አብረው አይውሉም።

ፕሮግራሙ ወደ ዳንግላ ሲወሰድ፣ ከዚያ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ኤሊ ተጎተተ። ስለዚህ በትእዛዙ መስመር ላይ የማፍጠኛውን ምርጫ፣ -O2 የሚባለውን፣ ጨመረችበት። ኮምፓይለሩ ለማፍጠን ሲል ፕሮግራሙን ከቀድሞው ጠለቅ አድርጎ ማንበብ አለበት፤ ጠለቅ አድርጎ ሲያነብም ቀድሞ ያላየውን አየና ዘጠኝ መስመር ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስምንቱ ተራ ነገር ነበሩ። ዘጠነኛው የወሩ የቀን ቁጥር ምንም ሳይሰጠው ሊነበብ ይችላል የሚል ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚመረቀው ሰኞ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይሄነው ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ይኼ ሁሉ ዝባዝንኬ ምንድን ነው? እንግዶች ፊት ሊታይ ነው?»

«ማስጠንቀቂያ ነው፣ አቶ ይሄነው። ስምንቱ ዕዳው ገብስ ነው። የመጨረሻው ግን የጳጉሜ ነው፤ ሁለት ቀን ቢሰጡኝ አስተካክለዋለሁ።»

«በጳጉሜ ደመወዝ አይከፈልሽ፤ ለማይከፈልሽ ወር ምን አደከመሽ? አጥፊልኝ።»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። የሻረግም አብራ ሳቀች። ሰውየው አጥፊ ያለው ጽሑፉን ነው፤ ስሕተቱን ማረም እንጂ ጽሑፉን ማጥፋት ሥራ እንዳልሆነ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች። ከትእዛዙ ጫፍ ላይ -w ብላ ጻፈች፤ ሰረዝና አንዲት ትንሽ ፊደል። ኮምፓይለሩም እንደ ታዘዘው ዝም አለ። ስክሪኑ ጠራ። አቶ ይሄነው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ፤ እርሷም በጳጉሜ የተወለደውን ሕፃን ዳግመኛ ሳትሞክር ፕሮግራሙን ለየጤና ጣቢያው አሠራጨች።

ከምርቃቱ በኋላ አንድ ሰርኩላር ወጣ። ከእንግዲህ በኮምፒዩተር የወጣ መጠን በእስክሪብቶ ሰርዞ የሚያስተካክል ባለሙያ በዲሲፕሊን ይጠየቃል ይላል። አርቅቆ የፈረመበት አቶ ይሄነው ነው።

መስከረም አሥራ አምስት ቀን ከዳንግላ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የጤና ጣቢያው ነርስ ደርበው ነበር፤ በሥልጠናው ጊዜ ከፊት ተቀምጦ ብዙ የሚጠይቅ፣ ሌሎቹም «ፕሮፌሰር» እያሉ የሚያሾፉበት ሰው። አንዲት ጨቅላ በጽኑ ትኩሳት መጥታለች። የታዘዘላት መርፌ ሲበዛ የመስማትን ኃይል የሚገድል ዓይነት ነው።

«የሻረግ፣ ልጂቱ እፍኝ አትሞላም፤ መርፌው ግን በዛብኝ። ወረቀቱ ልክ ነው ወይ?»

እርሷ ከስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። የልጂቱ የልደት ቀን ስንት ነው ብላ መጠየቅ ነበረባት። ይህ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከአንድ እስትንፋስ አይበልጥም።

«የተሞከረ ነው፤ ወረቀቱን ተከተል» አለችውና ወደ ስብሰባው ገባች።

ደርበው ወረቀቱን ተከተለ። ሰባት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ።

ልጂቱ ሜላት ከትኩሳቱ ዳነች። በየካቲት ወር እናቷ ወርቅአየሁ መልሳ ይዛት መጣች፤ በር በኃይል ሲዘጋ አትደነግጥም፣ ስሟ ሲጠራ አትዞርም። ባሕር ዳር ድረስ ተልካ ተመረመረች። ሐኪሙ የሁለቱም ጆሮዎች መስማት እንደ ጠፋ፣ እንደማይመለስም ጻፈ፤ የመድኃኒቱ መጠን ለሰባት ወር ልጅ የሚሰጥ መሆኑንም ጨምሮ ገለጸ። ደርበው ከሥራ ታገደ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሻረግም ፕሮግራሙ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ተብላ በደብዳቤ ተጠየቀች። አቶ ይሄነው መልሱን አስተይቦ አመጣላት፤ ፕሮግራሙ በሥርዓቱ ተፈትሿል ይላል። ከደብዳቤው ጋር የመጣውን የልጂቱን መዝገብ ሳትመለከት ፈረመች።

ከፈረመች በኋላ ተመለከተችው። የልደት ቀን፦ ጳጉሜ ሦስት።

በሯን ዘግታ ከትእዛዙ መስመር ላይ -w የሚለውን ሰርዛ ፕሮግራሙን እንደገና አስተረጎመች። ዘጠኙም መስመሮች ተራ በተራ ወጡ፤ ዘጠነኛውም እንደዚያ ዓርብ ዕለት ቃል ሳይለውጥ ወጣ። የልጂቱን ቀን ስታስገባ፣ መርፌው በተጀመረበት ዕለት አሥራ ሰባት ሊሆን የሚገባው የዕድሜዋ ቀን ሁለት መቶ ሃያ አራት ሆነ። ለማፍጠን የታዘዘው ኮምፓይለር ባዶውን ቦታ በአጠገቡ ባገኘው ቁጥር ሞልቶት ኖሯል።

ወዲያው ለአቶ ይሄነው ነገረችው። እርሱም አልተቆጣም፤ ይልቁንም ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና በለሰለሰ ቃል መከራት። እኔ ስክሪኑን አጽጂ አልኩ እንጂ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቃለሁ አለ። የእርሱ ልጆች አራት እንደ ሆኑ፣ እርሷም እናቷን የምትጦር መሆኗን፣ ደርበው ግን ወንደላጤ እንደ ሆነና ቅጣቱ ከዝውውር እንደማይበልጥ አስረዳት። ፕሮግራሙን በዝምታ አርመሽ አሠራጪው፤ የሞተ የለም አለ።

የሻረግ ፕሮግራሙን አረመች፤ አሠራጨችውም። በዝምታው ግን እስከ መጨረሻ አልገፋችበትም፤ ወዲያውም አልሰበረችውም። ዛሬ፣ ነገ እያለች ዘጠኝ ቀን ቆየች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚያወጣው አፍ ይጠብቃል፤ ያ አፍ የእርሷ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ማስረጃዋን አትማ በሚኒባስ ዳንግላ ወረደች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አዳመጧትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ መዝገቡ ትላንት ተዘግቷል። ደርበው በቸልተኝነት አጥፍቻለሁ ብሎ ፈርሟል።»

«አላጠፋም እኮ፣ ጌታዬ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ባለፈው ያጣራሁት ነው ብለሽ ፈረምሽ፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ ትፈርሚያለሽ። የትኛውን ፊርማሽን ልመን?» አሉና ወረቀቱን መለሱላት። ይግባኝ ማለት የሚችለው ተከሳሹ ራሱ እንደ ሆነ ነገሯት።

ደርበውን ከቤቱ ደጅ ዕቃውን ጋሪ ላይ ሲጭን አገኘችው። የሥራ ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ተነጥቋል። ማስረጃውን ሰጠችው፤ ይግባኝ እንዲል ለመነችው። አንብቦ ጨረሰና አጠፈው።

«የፈረምኩት ያንቺን ደብዳቤ ካነበቡልኝ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ልክ ከሆነ እጄ ነው የሳተው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሳምንት ሙሉ እጄን ሳየው ነው የከረምኩት።»

«ይግባኝ በል እንጂ፣ ደርበው።»

«እላለሁ፤ አልተውላቸውም። ግን የኔ ነገር ወረቀት ነው። አንቺ ወርቅአየሁ ዘንድ ሂጂ፤ ያቺን ሴት ምን እያሏት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም ነበር። የወርቅአየሁ ቤት ከከተማው ግማሽ ሰዓት የጋሪ መንገድ ነው። ስትደርስ እናቲቱ ልጇን አዝላ ገብስ ታበጥር ነበር። የሻረግ ከአጥሩ በር ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻት፤ ጳጉሜን፣ ዝም ያሰኘችውን ማስጠንቀቂያ፣ የስልኩን መልስ። ቃሏ አልተቆራረጠም፤ አላለቀሰችምም፤ ልቅሶ የእርሷ ድርሻ እንዳልሆነ ገብቷት ነበር።

ወርቅአየሁ ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረችው።

«ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ይዛ በቀትር ወንዝ ተሻግራ ጋኔን አስነካቻት ብለው አማቴ ለአገሩ ሁሉ ተናግረዋል። ባሌ አብሮኝ ማዕድ አይቀርብም። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ስድስት ወር ንስሐ ገብቻለሁ። ግቢ፤ ለእኔ የነገርሽኝን ለእሳቸው ትነግሪያለሽ።»

አማቲቱ እማማ ሙሉወርቅ ከመደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ የሚናገሩት አዊኛ ነው። የሻረግ ደግሞ አዊኛ አታውቅም። ስለዚህ እርሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ስትናገር ወርቅአየሁ ወደ አዊኛ ትመልሰዋለች፤ ልጂቱን እንዳዘለች፣ ቀስ ብላ፣ አንዲትም ቃል ሳታስቀር። በመካከሉ ሁለት ጊዜ አቁማ ልጇን በጀርባዋ ላይ አስተካከለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ካቆመችበት ጀምራ ቀጠለች።

አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«አሁን ማሽኑ ከታረመ ልጂቱ ትሰማለች ወይ ይላሉ» አለች ወርቅአየሁ።

«አትሰማም» አለች የሻረግ።

ይህን የሚተረጉም አላስፈለጋቸውም። እማማ ሙሉወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው በአዊኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ለማን እንደሆነ፣ ይቅርታ ይሁን እርግማን፣ የሻረግ ልታውቅ አልቻለችም። ወርቅአየሁን ቀና ብላ አየቻት። ወርቅአየሁ ግን ይህንን አልተረጎመችላትም፤ ሄዳ በሩን ከፈተችላት።