ትርፊት የጠጣችበት ጽዋ

በ1964 ዓ.ም. ፓስተር ባፈና በሚያገለግልበት የሆሳዕና ጸሎት ቤት ለጌታ እራት የሚሆኑ ትናንሽ ብርጭቆዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ወጣቶቹ ሽማግሌዎች “ለጤናም ጥሩ ነው፤ ጊዜም ይቆጥባል” አሉ። ባፈና አልተቃወመም። ብርጭቆዎቹ በጭድ ከተሞላው ካርቶን አንድ በአንድ ሲወጡ ቁጭ ብሎ አየ። አንዷን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አትሞላም።

“ያምራሉ” ብሎ መልሶ አስቀመጣት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ሁሉም ከአንድ ጽዋ ይጠጣ የነበረበት ያ ዘመን ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እንደወጣ፣ አዲስ ጫማና አንድ ደብተር ሙሉ ትምህርት ይዞ፣ ከሾኔ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ወደምትገኝ ትንሽ ጸሎት ቤት ወንጌላዊ ሆኖ ተላከ። ጸሎት ቤቷ የሣር ክዳን ነበረች፤ መቀመጫዎቿ በጉማጅ ላይ የተጋደሙ የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው። ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ከሚያፈሰው ጥግ ሸሽቶ መሃል ላይ ይጠጋጋል፤ መዝሙሩም ያኔ ይበልጥ ይደምቃል። እሑድ ጠዋት ምእመኑ ከየኮረብታው እየዘመረ ሲወርድ ማን ከየት እንደሚመጣ ገና በድምፁ ይታወቅ ነበር። ባፈና ዛሬም ዓይኑን ከጨፈነ ያ ድምፅ ይመጣለታል።

ደብተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር በቁጥር ተጽፏል። ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ሰባት ነጥብ፣ ስለ ኃጢአት አምስት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ስምንት። የጥምቀት ተማሪዎችን የሚያስተምረው ከዚያ እያነበበ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ትርፊት ትባላለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከልጇ ከዓለሚቱ ጋር ሸክላ እየሠራች የምትኖር ሴት ነበረች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ከሌላው ሰው ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጋባም። የሚጠሩበት ስምም ነበራቸው፤ ባፈና ልጅ ሳለ ያን ስም ለስድብ ይጠቀምበት ነበር። ሰው እንስራዋን ገዝቶ ቤቱ ያስገባል፤ እሷን ግን ደጅ አቁሞ ያነጋግራታል። ጸሎት ቤትም ስትመጣ በሩ አጠገብ ካለው ግንድ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ማንም አልከለከላትም፤ ማንም ደግሞ ጠጋ በይ አላላትም።

የጥምቀቱ ፈተና ቀን አምስት ሽማግሌዎች ተሰየሙ። የሁሉም አለቃ ሽብሩ ነበር። ጸሎት ቤቷ የቆመችበትን መሬት የሰጠ፣ ቋሚና ማገሩን ከራሱ ግቢ ያስቆረጠ፣ ባፈናንም እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች የደብተሩን ቃል እንደ ውሃ ጠጥተውት መጥተዋል። የትርፊት ተራ ሲደርስ ሽብሩ በሀዲይኛ ጠየቃት።

“ኃጢአት ምንድን ነው?”

ትርፊት ጥቂት አሰበች። “ለቅሶ ሄጄ ከአጥር ውጭ ስቆም፣ ልቤ በውስጥ ያሉትን ሰዎች የሚላቸው ነገር ነው” አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባፈና ደብተሩን ተመለከተ፤ ከአምስቱ ነጥቦች በአንዱም የለም።

“ሥላሴንስ ተረድተሻል?”

“አልተረዳሁም። እናንተም የተረዳችሁት አይመስለኝም። ሦስቱ እንደማይጣሉ ግን ሰምቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።”

ባፈና ሳቁ አመለጠው። “እሺ፣ አንቺስ የምትጠይቂን ነገር አለሽ?” አላት።

“ከተጠመቅሁ በኋላ ከጽዋው እጠጣለሁ?”

“ትጠጫለሽ።”

“ከማን በኋላ?”

ሽማግሌዎቹ ወደ ሽብሩ ዞሩ። ባፈና ግን ከትምህርት ቤት ትኩስ የወጣ ነውና መልስ አላጣም። “በጌታ ማዕድ ላይ ተራ የለም” አላት። የደብተሩ ስምንተኛ ነጥብ ነበር።

ወንዝ ወርደው አሥራ ስድስት ሰው ተጠመቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጌታ እራት ሊሆን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሽብሩ ወደ ባፈና ቤት መጣ።

“ልጄ” አለው፤ “እኔ ትርፊትን አልጠላትም። ሰው ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። ነገ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ፤ ጽዋው ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ ይድረሳት። ማንም አይሰናከልም፤ እሷም ጠጣች ማለት ነው። ቀስ እያልን ደግሞ እናስተካክለዋለን።”

ባፈና የሚመልሰውን ያውቅ ነበር። ጥቅሱ ምዕራፍና ቁጥሩ ሳይቀር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ያለው ግን “እሺ ጋሽ ሽብሩ” ብቻ ነው።

በማግስቱ በወይን ፈንታ ብርዝ የተሞላችው ነጭ የቆርቆሮ ዋንጫ ከባፈና ተነሥታ በየግንዱ ዞረች። ትርፊት ዘንድ ስትደርስ ከሥሯ የቀረው ጥቂት ነበር። ትርፊት ወደ ውስጥ አየት አደረገችና ጠጣች። ከጸሎት በኋላ ባፈና በጓሮ በኩል ሲወጣ ሁለት ሴቶች ዋንጫዋን በአመድና በፈላ ውሃ ሲፈትጉ አገኛቸው። ከዚያ በፊት ዋንጫዋ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ተደርጋ ነበር የምትቀመጠው። ቀና ሲል፣ በአጥሩ ማዶ ትርፊት ቆማ እያየች ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ትርፊት ሦስት እሑድ ከጸሎት ቤት ቀረች። ባፈና ነገሩን ለሚስቱ ለገነቴ ነገራት። ሴቶቹንም ሽብሩንም ወቀሰ። ገነቴ እስኪጨርስ ጠብቃ “አንተ መጀመሪያ ስለምትጠጣ አይከብድህም” አለችው። “ከእሷ በኋላ ቢሆን ትጠጣው ነበር?”

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። መልሱን ፍለጋ በማግስቱ ወደ ትርፊት ቤት ሄደ።

ቤቷ ሸክላ ከሚቆፈርበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ትርፊት አፈር ስታቦካ አገኛት። ስታየው እጇን በቅጠል ጠርጋ ከጎጆዋ በርጩማ አምጥታ ደጅ ላይ አስቀመጠችለት። ከሌላ ጎሣ የመጣ ሰው ቤቷ ገብቶ አያውቅም።

“ውስጥ ብንገባስ?” አለ ባፈና።

ዓይን ዓይኑን አየችው። “ይግቡ” አለች።

ዓለሚቱ አዲስ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አነጠፈች፤ ቆጮና ጎመን አቀረበች። ትርፊት ቅል ሙሉ ውሃ ይዛ፣ እንደ አገሩ ወግ ራሷ ቀምሳ ሰጠችው። ባፈና ቅሉን አፉ ጋ አድርሶ ቆመ። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ የነገረችው ሁሉ፣ “ከእነሱ የጠጣ ይቆስላል” ያለችው ሁሉ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ቅሉን ዝቅ አደረገ። እንደገና አነሣው። ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ።

“ወንጌላዊ፣ ከበደዎት?” አለች ትርፊት።

“አዎ” አለ። በዚያ ወር ውስጥ ያለ ጥቅስ የተናገረው እውነት ያ ብቻ ነበር።

ትርፊት ራሷን ነቀነቀች። “ደግ ነው። አልከበደኝም ቢሉኝ ኖሮ ዳግመኛ ጸሎት ቤት አልመጣም ነበር።”

“ይቅር ይበሉኝ” አላት። እስከዚያች ቀን ድረስ “አንቺ” ሲላት ኖሮ፣ የ“እርስዎ” አነጋገር ሳያስበው ከአፉ ወጣ። ዓለሚቱ ከምድጃው ዳር ቀና ብላ አየችው። ለእናቷ እንዲህ ሲባል ሰምታ አታውቅም።

በሚቀጥለው የጌታ እራት ቀን ባፈና ዋንጫዋን ባርኮ አልቀመሳትም። “ባለፈው ጊዜ ውሸታም ሆኜ ነበር የቆምሁላችሁ” አለ። “ተራ የለም ብዬ አስተምሬ፣ ተራ ሲሠራ ዝም አልሁ። ዛሬ መጨረሻ የምጠጣው እኔ ነኝ።” ወርዶ ከበሩ አጠገብ፣ ከትርፊት ቀጥሎ ተቀመጠ።

ዋንጫዋ መጀመሪያ ለሽብሩ ተሰጠች። ሽብሩ በሁለት እጁ ይዟት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና ወጣ። አሥራ አንድ አባወራ ተከተለው። የቀሩት ጠጡ፤ አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን ብቻ አስነኩ። ትርፊት ጠጥታ ለባፈና አቀበለችው፤ እሱም ጨለጠው።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። እነ ሽብሩ በግቢያቸው ዋርካ ሥር መጸለይ ጀመሩ። ሁለቱ መዝሙሮች በሸለቆው መሃል ሲገናኙ ባፈና እሑድ እሑድ ልቡ ይሰበር ነበር። ሽብሩን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ተነጋግረው ይለያያሉ። ባፈና ደብተሩን ማንበብ ተወ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ነጥብ ከማስተማሩ በፊት “ይህን እኔ ጠጥቼዋለሁ ወይ?” ብሎ ራሱን መጠየቅ ያኔ ጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የጸሎት ቤቷ ግድግዳ ረገፈ። ልስን የሚለሰንበት ቀን ተቆርጦ ሰው ተሰበሰበ። አፈርና ውሃ የምታውቀው ትርፊት ናትና ሥራውን የምትመራው እሷ ሆነች፤ ወንዱን ሁሉ ታዘው ነበር። ረፋድ ላይ ሽብሩ ብቻውን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጣ። ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይረግጥ ጀመር።

“ውሃ በዛበት” አለችው ትርፊት። “ጭድ ጨምርበት።”

ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ሽብሩ ጭድ ጨመረ። ጥቂት ረግጦ ቆም አለና “አሁንስ?” አላት።

“አሁን ጥሩ ነው።”

ለምሳ ሲቀመጡ ሽብሩ ከትርፊት ጎን አልተቀመጠም። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልቀረም። ለወራት ጽዋው ሲደርሰው ሳይቀምስ አሳለፈው። አንድ እሑድ ግን ከእሷ እጅ ተቀብሎ ጠጣ። ባፈና አየ። ዋርካው ሥር የቀሩት ቤተሰቦችም አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሦስቱ ግን እስከ መጨረሻው አልመጡም።

ባፈና ወደ ሆሳዕና ከተዛወረ በኋላ ያን አገር የሚያየው በዓመት አንዴ ነው። ባለፈው ጥር ሄዶ ትርፊትን ቤቷ አገኛት። ዓይኗ ደክሟል፤ ሸክላውን የያዘችው ዓለሚቱ ናት። ሽብሩ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። የልጅ ልጆቹ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያንኑ ጎጆ ሳያንኳኩ ገብተው፣ ከባፈና ጋር በአንድ ቅጠል ዙሪያ ተቀመጡ።

ባፈና ምግቡን ሊባርክ ተነሥቶ ጸሎቱን ስለ ቀድሞው ዘመን፣ ስላለፉት ወዳጆች፣ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት አስረዘመው። ድምፁም ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

“ፓስተር” አለች ትርፊት መሃል ላይ፤ “ጎመኑ እየቀዘቀዘ ነው።”

ልጆቹ ሳቁ። ባፈናም አሜን ብሎ ተቀመጠ።