ለማይጠጣ ሰው

“ቀስ ብለው ያዘንብሉት አባባ፤ ዝቃጩ እንዳይከተለው።”

ሽማግሌው አፈ ሰፊውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው አቅፈው አዘነበሉ። ወርቃማው አረቄ በስሱ ጨርቅ ላይ ፈሰሰና ከሥሩ ወደተደቀነው ጎድጓዳ ሳህን ይንጠባጠብ ጀመር። ጠርሙሱ ሲከብዳቸው ምራታቸው በግራ እጇ ጨርቁን እንደያዘች በቀኟ የጠርሙሱን ቂጥ ደገፈችላቸው። ዝቃጩ ወደ አፉ ሲጠጋ “በቃ” አለችና ጨርቁን ሰብስባ ጠመዘዘችው። ወራት ሙሉ የተዘፈዘፈው ኮክ ቀለሙንም ጣዕሙንም ለአረቄው አስረክቦ ገርጥቶ ቀርቷል።

“ቅመሺው እስቲ።”

በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። “ይቺ ሰው ትጥላለች።”

“ወዲህ በይው።”

“ሐኪሙስ?”

“ማሽተት አልከለከለኝም።” ማንኪያውን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር ያዙትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። “የኔ ነገር እኮ ይገርማል። ጉልበት ሳለኝ ሾፌር ነህ አትጠጣ አሉኝ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ በሽተኛ ነህ አትጠጣ አሉኝ። እንደ ሚዜ ከሙሽራዋ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።”

ሳቀች። ሳምንቱን በምትሠራበት ላውንደሪ ውስጥ በእንፋሎት ተከብባ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች፤ ከልቧ የምትስቀው እዚህ ኩሽና ስትገባ ነው።

እውነቱን ለመናገር ምራት አይደለችም። ልጃቸው ከፈታት ሦስት ዓመት አልፎታል። ሰፈርተኛው ግን “የሾፌሩ ምራት” ማለቱን አልተወም፤ ሽማግሌውም “ምራቴ” ይሏታል፤ እሷም “አባባ” ትላቸዋለች። ፍሬ በአረቄ መዘፍዘፍ ያስተማሯት የሽማግሌው ሚስት፣ አማቷ ነበሩ። “ስኳር ቀድሞ የሚጨምር ሰው ችኩል ነው፤ ችኩል የሠራው መጠጥ ደግሞ ራስ ያዞራል እንጂ ልብ አያሞቅም” ይሉ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሥራው ለሁለቱ ቀረ። በየዓመቱ በዓል ሲቃረብ ያጠልሉታል፤ በጠርሙስ ይሞሉታል፤ ለፋርማሲስቱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ላይ ፎቅ ላሉት ባልና ሚስት ያድላሉ።

ትዳሩ የፈረሰው ልጅ አልመጣ ብሎ ነው። ከአንዱ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው ተንከራተቱ። መርፌውም ኪኒኑም በእሷ ገላ ላይ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ግን “ደክሞኛል” ያለው ባሏ ነው። ክርክር አላነሳችም። ልብሷን ሰብስባ ወጣች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሥራ ቀይሮ ሌላ ከተማ ገባ፤ አገባ መባሉንም ሰማች። የወጣችው ግን ከባሏ ቤት ነው። ከአማቶቿ ቤት ውጪ ያላት ማንም አልነበረም። ያሳደገቻት አክስቷ ካረፈች ወዲህ፣ ሁለት ቀን ድምፅዋ ቢጠፋ ደውሎ “ምን ነካሽ?” የሚላት ሰው እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

ባዶዎቹን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ያጥፋሉ፤ መልሰው ይዘረጉታል።

“ምራቴ።”

“አቤት።”

“አልኮል የሌለው... ማለቴ ፍሬው ብቻ፣ በስኳርና በቀረፋ ሆኖ፣ መልኩ እንደዚሁ የሚያምር። እንደዚያ ያለ ነገር ይሠራል?”

“ምን ችግር አለው፣ ይሠራል። ለማን ነው?”

“ለማይጠጣ ሰው።”

“ፀጉር አስተካካዩ ተወ እንዴ? ሚስቱ ዘንድሮ ከስካሩ ተገላገለች በሉኛ።”

“እሱማ የት ይተዋል። እንግዳ ነው።”

አረቄውን ወደ ጆግ ገልብጣ ወደ ጠርሙሶቹ መቅዳት ጀመረች። ሽማግሌው እንግዳ የላቸውም። በበዓል ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት እሳቸውና እሷ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ባልና ሚስት ካልወረዱ በቀር። አረቄው የሁለተኛው ጠርሙስ አንገት ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባት። አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ሞላችው። ከደነችው። ዙሪያውን በጨርቅ ጠረገችው።

“ስንት ወሯ ነው?” አለች።

ሽማግሌው የጠረጴዛውን ልብስ ለቀቁት። “ስድስት ገብቷል አለኝ ልጄ።”

“ጥሩ ነው።”

“ልነግርሽ ነበር። በሩን ስትከፍቺ ልነግርሽ አልኩና፣ ኮቷን እስክታወልቅ ብዬ ተውኩት። ኮትሽን ስታወልቂ፣ እጇን ትታጠብ አልኩ። ከዚያ ሥራ ጀመርሽ።”

“ለበዓሉ ይመጣሉ?”

“ይመጣሉ። እዚሁ ነው የሚያርፉት።” ቀና ብለው አዩዋት። “አንቺም ትመጫለሽ። ማንም ክፉ ደግ አይናገርሽም። ቤትሽ ነው።”

“አይሆንም አባባ።”

“ለምን አይሆንም?”

“አይሆንማ። እርስዎም እኮ ያውቁታል።”

ሽማግሌው ያውቁት ነበርና አልተከራከሩም። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እንደገና አጠፉት።

“የልጅ ልጅ ሳታሳየኝ አትውሰደኝ እያልኩ እግዜርን ስለምነው ኖርኩ” አሉ። “ከማን የሚለውን ሳልጨምርበት ቀረሁ። መጨመር ያስፈልጋል ብዬ መች አሰብኩ። አንቺ እያለሽ።”

እጇን ታጠበች፤ ኮቷን ደረበች፤ “ትኩስ ኮክ ያስፈልገዋል፤ ገዝቼ ልምጣ” ብላ ወጣች።

ፍራፍሬ ሻጯ ስታያት ገና ከሩቅ ፈገግ አለች። “አሁን ብትዘፈዝፊው እኮ ለበዓሉ አይደርስልሽም።”

“አረቄ አይደለም። ሽሮፕ ነው፤ ለነፍሰ ጡር።”

“እንዲያ በይኛ።” ሻጯ ሚዛኑ ላይ የወጣውን ኮክ ወደ ቦታው መለሰችና ከኋላዋ ካለው ሣጥን የበሰለውን፣ ቆዳው ያልቆሰለውን እየመረጠች ታወጣላት ጀመር። “ለነፍሰ ጡርማ ከዚህ ነው። እህትሽ ናት?”

“የቤተሰብ ሰው ናት።”

“እንኳን ደስ አላችሁ።”

“እንኳን አብሮ ደስ አለን” አለች። አፏ የለመደውን ነው የመለሰው።

ከሱቁ ወጥታ አንድ የተዘጋ ሱቅ መዝጊያ አጠገብ ቆመች። እዚያው አልቅሳ፣ ፊቷን ጠራርጋ፣ ቀለል ብሏት ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። እንባው እምቢ አለ። ኮኩን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያቀያየረች ቆይታ ተመለሰች። ሕንፃው ውስጥ ገብታ ደረጃውን ስትጀምር፣ ጭራሽ ባልጠበቀችው ሰዓት መጣባት። ላይ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኟት። አጎንብሰው አዩዋት፤ ምን ሆንሽ አላሏትም። መሐረባቸውን እጇ ውስጥ አድርገው፣ ትከሻዋን ያዝ አድርገው ወረዱ። ወሬው ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ እሷ ዘንድ መጨረሻ እንደደረሰ ያን ጊዜ ገባት።

ሽማግሌው ድስቱን አጥበው ምድጃው ላይ ጥደው ጠበቋት። ዓይኗን አይተው ዓይናቸውን ወደ ድስቱ መለሱ። አብረው ኮኩን ላጡ። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ልጣጩን ሳይበጥሱ፤ እሷ ቶሎ ቶሎ። ስኳሩ በውሃው ሲሟሟ፣ ቀረፋው ሲገባበት፣ ኩሽናው እንደ ድሮው መሽተት ጀመረ። ለአንድ አፍታ እንዲያው አበላሽታ ብትተወው አሰኛት፤ ስኳሩን አብዝታ፣ ወይም ድስቱ እንዲያርር ትታ። ማንም አያውቅባትም። የልጃቸው ሚስትም ለጨዋነት ብላ አንድ ጉንጭ ትጠጣና ታስቀምጠዋለች። ማማሰያውን እንደያዘች ይህን እያሰበች ቆመች። ቀጥላ ቀመሰችው። ጣፋጭነቱ ትንሽ በዝቶ ነበር፤ ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት። ደግማ ቀመሰችና እሳቱን ቀነሰች።

ሲበርድ አጥልላ በሁለት ጠርሙስ ሞላችው፤ አንገታቸው ላይም ነጭ ክር አሰረች።

“ክር ያለው የእሷ ነው። እንዳይቀያየር አደራ፤ የእርስዎ ዓይን አይታመንም። ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት። ሲሰጧት በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዙላት፤ እንዲሁ ከጠጣችው ደረቷን ያቃጥላታል።”

“እሺ።”

“ማን ሠራው ብላ ከጠየቀች፣ እኔ ነኝ ይበሉ።”

“እኔ ማለት... እኔ?”

“እርስዎ።”

“አንዲት እንቁላል መቀቀል የማልችል ሰውዬ መሆኔን ልጄ ያውቃል እኮ።”

“እሱ ያውቅ ይሆናል። እሷ ግን እንድትሳቀቅ አልፈልግም። ሆዷን ይዛ የሰው ፊት ስታይ እንድትውል አልፈልግም።”

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ሥር ሌላውን ትልቅ ጠርሙስ አወጡ፤ ከማቀዝቀዣው በላስቲክ የተቋጠረ የፕሪም ፍሬ፣ ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ነጭ አረቄ አመጡ። የፕሪሙ መጠጥ ዓመት ሙሉ ነው የሚቆየው፤ የዘንድሮውን በሞሉበት ቀን የከርሞውን መጀመር ልማዳቸው ነበር።

“ይኼንንም እንጨርሰዋ” አሉ፤ ምንም እንዳልተለወጠ ለመምሰል እየሞከሩ።

መርፌ አንስታ የመጀመሪያውን ፕሪም ወጋ ወጋ አደረገችው፤ ጭማቂው ቶሎ እንዲወጣ እንዲያ ነው የሚደረገው። ሁለተኛውን ያዘችና ቆመች።

“ይኼ ሲደርስ እዚህ ቤት የሚድህ ልጅ ይኖራል” አለች።

“ይኖራል” አሉ ሽማግሌው፤ ደስታው ሊውጡት ሳይችሉ ፊታቸው ላይ ወጣ። ወዲያው ደነገጡና አጎነበሱ። እሷ ግን አይታዋለች። እንዲህ በርቶ አይታው የማታውቀው ፊት ነበር። ስንት ዓመት ልትሰጣቸው ስትመኝ የኖረችውን ሌላ ሰው በስድስት ወር ሰጣቸው። ልትቆጣ ብትሞክር፣ የምትቆጣበት ሰው አጣች።

መርፌውን ሰክታ አስቀመጠች። ፕሪሙን መልሳ ቋጠረች። ትልቁን ጠርሙስ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“የከርሞውን እኔ ቤት ልዘፈዝፈው ነው።”

ሽማግሌው ጥቅልሉን ተመለከቱ። “እኔስ?” አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ።

“እርስዎ እየመጡ ያዩታል። ስናጠልልም አብረን ነው።”

“አንቺ እኮ የምትኖሪው አራተኛ ፎቅ ነው።”

“አራተኛ ነው።”

“ሊፍት የለውም።”

“እያረፉ ይወጣሉ።”

“አንድ ቀን መጥቼ አላውቅም።”

“አያውቁም አይደል” አለች፤ ልትወቅሳቸው አልነበረም፤ ግን ከአፏ ሲወጣ ወቀሳ ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየዕረፍት ቀኗ አውቶቡስ እየተሳፈረች የመጣችው እሷ ናት። ሽማግሌው አልጠራችኝም ብለው አይደለም ያልሄዱት፤ እሷ ሁልጊዜ ስለምትመጣ ተነሥታ የምትመጣበት የራሷ ቤት እንዳላት አስበውት አያውቁም ነበር።

አረቄውንና ፕሪሙን በከረጢት ይዛ፣ ጠርሙሱን በብብቷ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። ዞር ስትል ሽማግሌው ኮታቸውን ደርበው አንዱን እጅጌ ሲፈልጉ አገኘቻቸው።

“የት ሊሄዱ ነው?”

“መንገዱን ልየው። ካየሁት አልረሳውም፤ ስሙን ብቻ ብትነግሪኝ ግን እስከ ነገም አልይዘውም።” እጅጌውን አገኙትና እጃቸውን ወደ ጠርሙሱ ዘረጉ። “ስጪኝ፤ ይኼን እኔ ልያዘው።”

ጉልበታቸው ሕመም አለበት፤ ፀሐይዋም ወርዳለች፤ መመለሻውም አለ። ‘ሌላ ቀን ይምጡ’ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጠርሙሱን ሰጠቻቸውና በሩን ከፍታ ያዘችላቸው።